ክራክ ባለበት አገር ሊብሬኦፊስን መመዘን

ስለ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከዋጋ ይጀምራሉ፤ «በነፃ ይገኛል» ይላሉ። ይህ ክርክር በርሊን ወይም ቶሮንቶ ያስኬድ ይሆናል። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ማይክሮሶፍት ኦፊስን ከኪሱ ከፍሎ የገዛ ግለሰብ ማግኘት ይከብዳል። ኮምፒውተር ጠጋኙ ዊንዶውስ ሲጭንልን ኦፊሱን፣ ፎቶሾፑን፣ የአማርኛ መጻፊያውንም ጨምሮ ከአንዲት ፍላሽ ይገለብጥልናል፤ የምንከፍለውም የድካሙን እንጂ የሶፍትዌሩን አይደለም። ስለዚህ ክፍት ምንጭ የሆነው የቢሮ ፕሮግራም ሊብሬኦፊስ እኛ ዘንድ የሚፎካከረው ከውድ ዕቃ ጋር ሳይሆን ክራክ ከተደረገ (የፈቃድ ጥበቃው ከተሰበረ) ኦፊስ ጋር ነው፤ ያም ደግሞ ነፃ ነው።

እንዲህ ከሆነ መጠየቅ ያለበት ክራኩ ምን ያስከፍላል የሚለው ነው። ክራክ ገና ሲጀምር አንቲቫይረሱን አጥፉልኝ ይላል። ማን እንደጻፈው የማይታወቅ ፕሮግራም በኮምፒውተሩ ላይ ሙሉ ሥልጣን ይዞ ይገባል፤ ከገባ በኋላ የሚሠራውን የሚያውቀው የጻፈው ሰው ብቻ ነው። ከዚያ አንድ ቀን፣ ብዙውን ጊዜ ሥራ በሚጣደፍበት ሰዓት፣ «ፈቃድ የለውም» የሚል ቀይ ማስጠንቀቂያ መስኮቱ አናት ላይ ብቅ ይላል። በአንጻሩ ሊብሬኦፊስ ለዊንዶውስ 350 ሜጋባይት ገደማ ነው። አንዴ ከወረደ በፍላሽ ለመቶ ሰው ማደል ይቻላል፣ ፈቃዱም ይህን አይከለክልም። ምዝገባ የለው፣ ኢሜይል አይጠይቅ፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥም ሥራውን አያቆም።

ክፍት መሆኑ የሚጠቅመው ግን ለዚህ ብቻ አይደለም፤ የፕሮግራሙ ታሪክ ይህን ያሳያል (ዓመታቱና ወራቱ፣ በኛ አቆጣጠር ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ማርኮ ቦሪስ የተባለ ጀርመናዊ ወጣት በ1985 የመሠረተው ስታር ዲቪዥን ስታርኦፊስ የተባለ የቢሮ ፕሮግራም ሠራ። በ1999 ሰን ማይክሮሲስተምስ ገዛውና በማግሥቱ ዓመት ኮዱን ለሁሉም ከፈተው፤ ኦፕንኦፊስ ተባለ። በ2010 መጀመሪያ ኦራክል ሰንን ጠቀለለ። የአዲሱ ባለቤት ሐሳብ ያሳሰባቸው ሠራተኞችና በጎ ፈቃደኞች በዚያው ዓመት መስከረም ወር ኮዱን ይዘው ወጡና ዘ ዶክዩመንት ፋውንዴሽንን አቋቋሙ፤ የመጀመሪያው ሊብሬኦፊስም በጥር 2011 ወጣ። ኮዱ የተዘጋ ቢሆን ኖሮ ፕሮግራሙ ከባለቤቱ ፍላጎት ጋር አብሮ በተዳፈነ ነበር። የቀድሞው ኦፕንኦፊስ አፓቺ ለተባለው የሶፍትዌር ድርጅት ተሰጥቶ በስም አለ፤ ከ2014ቱ 4.1 ወዲህ ግን ጥቃቅን ጥገና እንጂ ትልቅ ለውጥ አላየም። ስሙን ስለሚያውቁት ብቻ ዛሬም የሚያወርዱት አሉ፤ ባያወርዱት ይሻላል።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። የእኔ ሥራ ረዘም ያለ የአማርኛ ጽሑፍ ስለሆነ የሊብሬኦፊስን ጽሑፍ መጻፊያ ራይተርን የመዘንኩት በዚሁ ነው። ከወርድ የመጣ የአማርኛ ፋይል ሲከፈትበት መጀመሪያ የሚያናድደው የገጽ መንሸራተት ነው። ወርድ ላይ አሥራ ሁለት ገጽ የነበረው እዚህ አሥራ ሦስት ይሆናል፣ ርዕስ ከገጽ ግርጌ ብቻውን ይቀራል፣ ሠንጠረዥ ለሁለት ይከፈላል። ሰው ወዲያው «ይሄ ፕሮግራም አይረባም» ብሎ ይዘጋዋል። ፊደሉ ላይ ጠቅ አድርጋችሁ የፎንቱን ስም እዩት። በብዙ የቢሮ ፋይሎች ላይ የሚነበበው «ታይምስ ኒው ሮማን» ነው። ታይምስ ኒው ሮማን ውስጥ ደግሞ አንድም የግዕዝ ፊደል የለም። ወርድ ይህን ሳይናገር ፊደሉን ከኒያላ ወይም ከኢብሪማ ይዋሳል፤ ሊብሬኦፊስም እንደዚሁ ኮምፒውተሩ ላይ ካገኘው ፎንት ይዋሳል። የሁለቱ ብድር ከአንድ ቦታ ካልሆነ የፊደሉ ስፋትና የመስመሩ ከፍታ ይለያያል፣ ገጹም ይንሸራተታል። እንደኔ ግምት በሊብሬኦፊስ ላይ የሚሰማው የአማርኛ ስሞታ ብዙው የሚመነጨው ከዚህ ነው፤ ጥፋቱ ከፕሮግራሙ ይልቅ ፋይሉን ያዘጋጀው ሰው ፎንት ሳይመርጥ መጻፉ ነው። አቢሲኒካ ኤስአይኤልን ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን በስሙ መርጦ መጻፍ፣ በፋይሉ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ደግሞ ፎንቱ ከሰነዱ ጋር አብሮ እንዲሄድ ምልክት ማድረግ አብዛኛውን ችግር ያስወግዳል። ሁለቱም ፎንቶች ክፍት ፈቃድ ስላላቸው ማንም ይጭናቸዋል። ፊደላችን በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ግን ያው ፎንት እስካልተጫነ ድረስ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይታያል፤ ወርድም ላይ ቢሆን አይተርፍም።

ራይተርን የወደድኩበት ቦታ ፍለጋው ነው። አራሚ የሆነ ሰው ይገባዋል፤ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሃይ ተቀላቅለው ይመጣሉ፣ እያንዳንዱን ለየብቻ መፈለግም ያደክማል። ኮንትሮል ኤችን ተጭናችሁ ከሚመጣው መስኮት ሬጉላር ኤክስፕሬሽን የሚለውን ምረጡና [ጸፀ][ሀሃሐሓኀኃ]ይ ብላችሁ ፈልጉ፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያወጣል፣ በመረጣችሁት አጻጻፍም ይተካል። ወርድም በራሱ አሠራር ተመሳሳይ ነገር ስላለው ብልጫ ነው አልልም፤ እዚህ ግን በዓለም ላይ ፕሮግራመሮች ሁሉ በሚጠቀሙበት አጻጻፍ ስለሆነ የተማሩት ሌላም ቦታ ይሠራል። «ሁሉንም ተካ»ን ከመጫን በፊት ግን እያንዳንዱን ማየት ነው። [አዓዐ]ለም ብሎ ሁሉንም ወደ «ዓለም» የሚለውጥ ሰው ወይዘሮ አለምፀሐይን ሳያስፈቅድ ስማቸውን ያርማል።

የአማርኛ ፊደል ማረሚያ መዝገበ ቃላት አብሮ አይመጣም። ይህ ትልቅ ጉድለት ነው፤ የጽሑፉ ቋንቋ እንግሊዝኛ ተብሎ ከተቀመጠማ ገጹን በሙሉ ቀይ መስመር ይወርሰዋል። ሜኑዎቹን ወደ አማርኛ መለወጥ ግን ይቻላል። ይህን የሠሩ በጎ ፈቃደኞች ምስጋና ይገባቸዋል፤ እኔ ግን በእንግሊዝኛው የለመደ እጄን ማስተማር ስላቃተኝ መልሼዋለሁ።

ሠንጠረዥ መሥሪያው ካልክ ለደመወዝ መክፈያ፣ ለዕቁብ፣ ለዕድር መዝገብ ከበቂ በላይ ነው፤ እንደ ኤክሴል 1,048,576 ረድፍ ይይዛል። ቀን ላይ ስንደርስ ግን ነገሩ ይበላሻል። ቀን፣ ወር፣ ዓመት በሚለው ቅደም ተከተል በኛ አቆጣጠር ጥቅምት 28 ቀን 2017ን 28/2/2017 ብላችሁ ጻፉ፤ ይቀበላል። ከሥሩ ጥቅምት 30ን 30/2/2017 ብላችሁ ጻፉ። ካልክ ሁለተኛው ወር ፌብሩወሪ ነው ብሎ ስለሚያምን፣ ፌብሩወሪም 30 ስለሌለው፣ ቀን መሆኑን ትቶ እንደ ተራ ጽሑፍ ወደ ግራ ያስጠጋዋል። ጳጉሜንማ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለሆነ አንዷንም ቀን አይቀበልም። ዓምዱ በቀን ቅደም ተከተል ይደርደር ሲባል የጥቅምት መጨረሻና ጳጉሜን ከሁሉም በታች ተሰብስበው ይገኛሉ፤ ገንዘብ ያዡም የጠፋ ክፍያ ይፈልጋል። ኤክሴል እዚህ ላይ አይሻልም። ለጊዜው የሚሠራው ዘዴ ሕዋሶቹን አስቀድሞ ጽሑፍ ብሎ 2017-02-30 እያሉ ዓመቱን ማስቀደም ነው፤ እንዲህ ሲሆን ድርድሩ ይስተካከላል፣ የቀን ልዩነት ማስላት ግን አይቻልም።

እኔን ያበሸቀኝ ግን ካልክ የሂጅራን፣ የአይሁድንና የቡድሂስትን አቆጣጠር በቀን ማሳያው ውስጥ መያዙ ነው። የኛ የለም። ስሌቱ ከባድ ሆኖ አይደለም፤ ሊብሬኦፊስ ራሱ የሚገለገልበት አይሲዩ የተባለው የኮድ ስብስብ የኢትዮጵያን አቆጣጠር አስቀድሞ ይዟል። የቀረው ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ነው፤ ኮዱ ደግሞ ለማንም ክፍት ነው። ማይክሮሶፍትን መውቀስ ይቻላል፣ በሩ ዝግ ነውና። እዚህ ግን በየዓመቱ በኮምፒውተር ሳይንስ የሚመረቀው ወጣት የመመረቂያ ሥራ ርዕስ ሲያጣ ይህን የሚጠቁመው መምህር አለማግኘቱ ይገርመኛል። የስም ድርድር ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ፤ ድርድሩ የሀ ሁ ተራን ቢጠብቅም ሀይሉና ኃይሉ ተራርቀው ይቀመጣሉ።

ስላይድ መሥሪያው ኢምፕሬስ ሥራውን ይሠራል፣ አብረውት የሚመጡት ንድፎች ግን ያረጁ ናቸው። ሥዕል መሥሪያው ድሮው ፒዲኤፍ ከፍቶ አንድ ስም ወይም ቁጥር ለማረም ይጠቅማል፤ ረጅም ጽሑፍን መስመር በመስመር ስለሚቆራርጠው ለዚያ አይሆንም። የዳታቤዙን ቤዝ አልመክርም። የሊብሬኦፊስ የመጀመሪያ መልክ የ2003ቱን ወርድ ስለሚያስታውስ የዛሬ ልጆች ይሸሹታል፤ ቪው ውስጥ ዩዘር ኢንተርፌስ ብሎ ታብድ የሚለውን መምረጥ ወደለመዱት ያቀርበዋል።

ከወርድ ተጠቃሚ ጋር ፋይል መቀባበል ላይ ግን ማስተባበል አያስፈልግም። ተራ ደብዳቤና ዘገባ በሰላም ይሄዳል፣ ይመለሳል። በቅርጽና በጽሑፍ ሳጥን የተሞላ ፎርም፣ ማክሮ ያለበት ኤክሴል፣ አምስት ሰው እየተቀባበለ የሚያርመው የጥናት ሰነድ ሲሆን ግን የሆነ ቦታ ላይ ይሰበራል። መላው ቢሮ አብሮ ካልተሻገረ ብቻውን የተሻገረው ሰው ነው የሚጉላላው። የጀርመኑ ሽሌስቪግ ሆልሽታይን ክልል በ2024 ወደ 30,000 የሚጠጉ የመንግሥት ኮምፒውተሮቹን ወደ ሊብሬኦፊስ ለማዞር የወሰነው እንደ ተቋም ነው፤ ያም ሆኖ ዋስትና የለውም፣ የሙኒክ ከተማ ምክር ቤት ከዓመታት የክፍት ምንጭ ሙከራ በኋላ በ2017 ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወስኗልና። ስለዚህ መመረቂያ ጽሑፉን አማካሪው በወርድ ለሚያርምለት ተማሪ አልመክረውም። የራሱን ጽሑፍ ጽፎ በፒዲኤፍ ለሚያስረክብ ሰው፣ ለትንሽ ድርጅት፣ ለትምህርት ቤት ኮምፒውተር ክፍልና ለፎቶ ኮፒ ቤት ግን ያለማመንታት እመክራለሁ። ፎቶ ኮፒ ቤቶች በተለይ የደንበኛውን ሁሉ ፍላሽ የሚቀበሉ ናቸው፤ በክራክ የተከፈተ ቀዳዳ እነሱ ዘንድ የሚያደርሰው ጉዳት ለሰፈሩ ሁሉ ይተርፋል።

ከሊብሬኦፊስ ጋር አብረው ሊጫኑ ከሚገባቸው ክፍት ምንጭ ፕሮግራሞች መካከል ቪኤልሲ ምክር አያስፈልገውም፤ ፓሪስ አቅራቢያ ተማሪዎች በ1996 የጀመሩት ይህ ማጫወቻ ክፍት ምንጭ መሆኑን ሳያውቅ የሚጠቀምበት ብዙ ነው። ሰቨን ዚፕ አንድ ሜጋባይት ተኩል ገደማ ሆኖ ዚፑንም ራሩንም ይፈታል፣ በይለፍ ቃልም ይቆልፋል። አንድ ጉድለት አለው፦ ራሱን አያድስም። ከ24.09 በፊት በነበሩት ዕትሞቹ ላይ ዊንዶውስ ከኢንተርኔት ለመጣ ፋይል የሚሰጠውን ማስጠንቀቂያ የሚያስቀር ክፍተት ተገኝቶ ተደፍኗል፤ ሄዶ አዲሱን ያላወረደ ሰው ግን ክፍተቱ ዛሬም አብሮት አለ።

ሊብሬኦፊስን ለመጫን ለተነሳ ሰው ሁለት ነገር ልጨምር። ቱልስ ውስጥ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ሎድ ሴቭ በሚለው ሥር ፋይሉ በወርድ ዓይነት እንዲቀመጥ ማዘዝ ይቻላል፤ ፋይል ለሰው የሚልክ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን ያስተካክለው። በየሱቁ ገና በዊንዶውስ 7 የሚሠሩ ማሽኖች አሉ፤ በነሐሴ 2025 የወጣው 25.8 እዚያ ላይ አይጫንም፣ ለነሱ የሚሆነው የመጨረሻው 25.2 ነው። የድሮዎቹ ዕትሞች በዘ ዶክዩመንት ፋውንዴሽን ማከማቻ ውስጥ ስላሉ ከዚያ ማውረድ ይቻላል።