የ«ግራውንድ» ምልክትና የሰርኪዩት ሰሌዳ ትምህርት

እንደሚታወቀው በኤሌክትሮኒክስ መማሪያዎች ውስጥ የኃይልና የግራውንድ መስመሮች ብዙውን ጊዜ አይሣሉም። ለምሳሌ 7400 የተባለው አይሲ በአራቱ ጌቶቹ ብቻ ሲወከል፣ ኃይል የሚቀበልበት 14ኛው እግርና ከግራውንድ የሚገናኝበት 7ኛው እግር ይዘለላሉ። ይህ አሣሣል ለንባብ ያመቻል፤ ሰሌዳ ለመሥራት ግን አይበቃም።

ጉዳቱም ቀላል አይደለም። ተማሪው ግራውንድን በሁሉም ሥፍራ እኩል ዜሮ ቮልት የሆነ ምልክት አድርጎ ይይዘዋል። በተግባር ግን ግራውንድ ጅረት የሚመለስበት የመዳብ መንገድ ነው። ውፍረቱ 35 ማይክሮን፣ ስፋቱ 1 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 10 ሴንቲሜትር የሆነ መስመር 0.05 ኦም ያህል ሬዚስታንስ አለው። የሞተር 1 አምፔር ጅረት ሲመለስበት በጫፎቹ መካከል 50 ሚሊቮልት ልዩነት ይፈጠራል። በዚያው መስመር ላይ የተገናኘ በ5 ቮልት የሚሠራ ባለ 10 ቢት መለኪያ በ10 ደረጃ ያህል ሊሳሳት ይችላል።

በዚህ ጊዜ ተማሪው ጤነኛውን የሰርኪዩት ክፍል ነቅሎ ይለውጣል፤ መምህሩም ንድፉን ብቻ መርምሮ «ትክክል ነው» ይለዋል። ስሕተቱ ሳይታወቅ ዕቃ ይባክናል፤ ተማሪውም በራሱ ችሎታ ላይ እምነት ያጣል።

ስለሆነም የትምህርቱ ቅደም ተከተል ሊታረም ይገባል። ተማሪው ከሁሉ አስቀድሞ የኃይልና የግራውንድ መስመሮችን ሰፊና አጭር አድርጎ ይዘርጋ፤ የሞተሩን መመለሻ ከመለኪያው ይለይ፤ በየአይሲው የኃይል እግር አጠገብም 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ያኑር። ፈተናውም ንድፉን ብቻ ሳይሆን፣ ሰሌዳው እየሠራ ሳለ በግራውንዱ ሁለት ጫፎች መካከል የሚለካውን ቮልቴጅ ይጠይቅ።