በሁለቱ ኪዳናት መካከል የታተመ ተረት

በወጣቶች ኅብረታችን ውስጥ በየጊዜው የሚነሣ ጥያቄ አለ፦ መጽሐፍ ቅዱስ ያለው ክርስቲያን ሌላ መጽሐፍ ምን ያደርግለታል? ጥያቄው በቅንነት የሚጠየቅ ነው። ጠያቂዎቹም ሰነፎች አይደሉም፤ የሚጸልዩ፣ የሚጾሙ፣ ለጌታ ነገር የሚተጉ ወንድሞችና እህቶች ናቸው። በቅርቡ ደግሞ ጥያቄው ከወሬ አልፎ የቅዳሜው የመጽሐፍ ውይይት ሰዓት ቀርቶ በጸሎት ይተካ ወደሚል ሐሳብ ደርሷል። ስለዚህ በዚህ ዕትም አዲስ መጽሐፍ ከመገምገም ይልቅ ከ130 ዓመት በፊት የታተመ አንድ የንባብ መጽሐፍ ይዤ ቀርቤአለሁ። መጽሐፉ ለጥያቄው መልስ አለው ብዬ አምናለሁ። (ከታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጽሐፉ በ1894 ምጽዋ አጠገብ በምትገኘው እምኩሉ፣ በስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ማተሚያ ቤት የታተመው የኦሮምኛ ፊደል ማስተማሪያና የንባብ መጽሐፍ ነው። ያዘጋጁት ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ገኖ ናቸው። የኦሮምኛው ሐዲስ ኪዳን የታተመው በ1893 ሲሆን ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 ስዊዘርላንድ፣ ሴንት ክሪሾና ውስጥ ታትሟል። እንግዲህ ተርጓሚዎቹ ሐዲስ ኪዳንን ባወጡ በዓመቱ፣ ብሉይ ኪዳን ገና ሳይታተም፣ ለሕዝባቸው ሌላ መጽሐፍ ሰጡ። በውስጡም ከአያት ለልጅ ልጅ የሚተላለፉ የቃል ሀብቶች አሉበት። ሥራ የበዛባቸው ሰዎች ለዚህ ጊዜ ያወጡት ለምን ይመስላችኋል?

መልሱን ለማግኘት የሰዎቹን ሕይወት ማየት ያስፈልጋል። ኦኔሲሞስ በ1850ዎቹ አጋማሽ ኢሉባቦር ውስጥ ሲወለድ ስሙ ሂካ ነበር፤ ትርጉሙም ተርጓሚ ማለት ነው። አባቱን በአራት ዓመቱ አጣ። በ1869 ደግሞ ባሪያ ፈንጋዮች ከእናቱ ነጠቁት። ከጌታ ወደ ጌታ እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰና በ1870 ነጻ ወጣ። በሚስዮኑ ትምህርት ቤት ተማረ፤ በ1872 ተጠመቀ፤ ስዊድን ሄዶም ለአምስት ዓመት ሰለጠነ። ሲመለስ የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ሥራ ጀመረ። ሥራው ውስጥ ሲገባ ግን አንድ እንቅፋት ገጠመው። ከወገኖቹ የተለየው በልጅነቱ ስለሆነ የገዛ ቋንቋው ቃላትና ዘይቤ አነሱት። ሥነ መለኮት ነበረው፣ ጸሎት ነበረው፣ የስዊድን ትምህርት ነበረው፤ የጎደለው የእናት ቤት ቃል ነበር።

ይህን ጉድለት በመሙላት ትልቁን ድርሻ የያዘችው አስቴር ገኖ ናት። እርሷም በባርነት የተወሰደች ልጅ ነበረች። በ1886 በባሕር ወደ ዓረብ አገር ስትወሰድ የጣሊያን መርከብ ጀልባውን ይዞ ነጻ አወጣት፤ እርሷም እምኩሉ ትምህርት ቤት ገባች። ያን ጊዜ ዕድሜዋ ከ14 ዓመት ገደማ አይበልጥም ነበር። አእምሮዋ ግን የኦሮምኛ ጎተራ ሆኖ ተገኘ። 15,000 ያህል ቃላት ለመዝገበ ቃላት አሰባስባለች። ተረት፣ ምሳሌያዊ አነጋገር፣ እንቆቅልሽና ዘፈን ደግሞ 500 ያህል ጽፋለች። የንባብ መጽሐፉ ከዚህ ክምችት ከፊሉን ይዟል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰው ሰው በዕድሜ ከእርሱ በ16 ዓመት ገደማ ከምታንስ ልጅ ለመማር አላፈረም። መማር በምረቃ ቀን ያልቃል ብሎ ቢያስብ ኖሮ ትርጉሙ ደረቅ ሆኖ ይቀር ነበር። ሁለተኛ፣ የአስቴር ተረትና እንቆቅልሽ ከመንፈሳዊው ሥራ ጎን የተቀመጠ መዝናኛ አልነበረም። በእሳት ዳር የሰማችውን ያን ሁሉ ባትይዝ ኖሮ፣ የነቢያትን ቁጣና የመዝሙሩን ልቅሶ ገበሬው በሚያውቀው ቃል ማድረስ ባልተቻለም ነበር። አእምሮን መመገብ ከመንፈሳዊ አገልግሎት ሰዓት የሚሰርቅ ነገር ሳይሆን ለአገልግሎቱ ጥሬ ዕቃ የሚያቀርብ ነው የምለው ከዚህ ተነሥቼ ነው።

መጽሐፉን በፍቅር ብቻ ልንገመግመው አይገባም፤ ጉድለትም አለው። የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ነው። ፊደላችን የኦሮምኛን አጭርና ረጅም አናባቢ፣ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ ለማሳየት ይቸገራል፤ ጀማሪ አንባቢም በዚህ መደናገሩ አይቀርም። በርዕሱ ላይ ሕዝቡ የተጠራበት ስም በዘመኑ የተለመደ ቢሆንም ዛሬ የሚያስቀይም ነው። ከሁሉም በላይ እንቆቅልሽና ተረት ጠያቂና መላሽ፣ ተናጋሪና አድማጭ ይፈልጋሉ። ወረቀት ላይ ሲሰፍሩ ድምፃቸውና ሳቃቸው ይቀራል። ቢሆንም ምርጫው ትክክል ነበር እላለሁ። ፊደል ቆጥሮ የጨረሰ ሰው መጀመሪያ የሚያነበው ከልጅነቱ የሚያውቀውን ታሪክ ሲሆን ንባብ የባዕድ ነገር መሆኑ ይቀርለታል። በተረቱ የተለማመደ ዓይን ወደ ወንጌሉ ሲዞር አይደናቀፍም።

ጥያቄውን የሚያነሡ ወገኖች የሚሰጉት ያለ ምክንያት አይደለም። ያነበቡት ሁሉ ያስታበያቸው፣ ጉልበታቸው ከጸሎት የራቀ ሰዎች አይተዋል። ዕውቀት ሊያስታብይ እንደሚችል ሐዋርያው ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፏል። ነገር ግን ያው ጳውሎስ በአቴና ሲሰብክ የግሪክ ባለቅኔዎችን ጠቅሷል። ሞቱ በቀረበ ጊዜም ጢሞቴዎስ ሲመጣ መጻሕፍቱን እንዲያመጣለት አደራ ብሏል። ዳንኤልም የከለዳውያንን ጽሕፈትና ቋንቋ ተምሯል፤ መማሩ ግን በቀን ሦስት ጊዜ ከመንበርከክ አላገደውም። የትዕቢት መድኃኒት እንደ ኦኔሲሞስ ከታናሽ መማር እንጂ አለማንበብ አይደለም።

በሌላ ወገን ደግሞ "እኔ አንባቢ ነኝ" የምንለውንም ይህ አሮጌ መጽሐፍ ይገሥጸናል። ከሳሪስ እስከ ጀሞ በታክሲ ስንሄድ ስልካችን ላይ የምናነበው ብዙውን ጊዜ የመጽሐፍ ማጠቃለያና በቴሌግራም የሚዞር ጥቅስ ነው። ሌላ ሰው ያኘከውን መዋጥ ነው። አስቴር ግን ሰማች፣ አስታወሰች፣ ቃል በቃል ጻፈች፣ ከዚያም አስተማረች። በ1904 ከኦኔሲሞስ ጋር ወደ ወለጋ ከተመለሱት መካከል ነበረች። ንባብ ምግብ የሚሆነው እንዲህ ታኝኮ ለሌላ ሰው ጉልበት ሲሆን ነው። ኦኔሲሞስም በ1931 እስኪያርፍ ከትርጉሙ ጋር ስሙ ሲነሣ ኖሯል። የአስቴር ስም ግን በመድረካችን ብዙም አይሰማም። ይህ በራሱ አለማንበባችንን የሚያሳይ ይመስለኛል።

ስለዚህ የቅዳሜው ሰዓት እንዲቀጥል እጠይቃለሁ፤ ይሁን እንጂ እንዳለ አይቀጥል። በጸሎት እንክፈተው፣ በጸሎት እንዝጋው። አንድ መጽሐፍ በማጠቃለያ ሳይሆን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብረን እናንብብ። በላፍቶና በለቡ ሰፈሮቻችን ከየክፍለ አገሩ የመጡ አያቶች አሉ፤ ኦሮምኛ፣ ጉራግኛ፣ ወላይትኛ፣ ትግርኛ፣ አማርኛ ይናገራሉ። እያንዳንዳችን ከአንድ አያት አንድ ተረትና ዛሬ የማንጠቀምባቸውን አሥር ቃላት ጽፈን እንምጣ። ሃምሳ ወጣቶች ቢሠሩት ሃምሳ ተረትና አምስት መቶ ቃላት ይሆናል። አንድ ቀን ከመካከላችን ወንጌልን ለራሱ ትውልድ የሚተረጉም ሰው ሲነሣ፣ ጌታ ከዚያ ጎተራ የሚያወጣለት ቃል ይኖራል።