መጀመሪያ ዓይንህን አስጠጋ

«ጋሼ፣ ሃያ አራት ሜጋፒክሰል ነው፤ ልግዛው?»

ያገለገለ ሚረርለስ ካሜራ ሊገዛ የተነሳ ወጣት ሁሉ ጥያቄው ይኸው ነው። ስልኩን ያወጣል፣ ከቴሌግራም ያገኘውን ማስታወቂያ ያሳያል፣ ሻጩ የጻፈውን ቁጥር በጣቱ እየነካ ያነባል። ይህ ጸሐፊም መልሱን ቀይሮ አያውቅም፦ «በቪውፋይንደሩ አይተህበታል?» ወጣቱ ግራ ይጋባል። አንዳንዱ «ይሄኛው ቪውፋይንደር የለውም፤ ግን ስክሪኑ አሪፍ ነው» ይላል። ወሬው እዚያ ላይ ያበቃል። ጸሐፊውን የሚያውቁት ግን ወሬው የሚጀምረው ገና ያኔ ነው ይላሉ።

ነገሩ ግትርነት ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የበጋ ፀሐይዋ ምሕረት አያውቅም። ጥር 11 ቀን፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ፣ ጃን ሜዳ ቆሞ በካሜራው ጀርባ ስክሪን ፎቶ ለማንሳት የሚሞክር ሰው ከካህናቱ ጃንጥላ ይልቅ የሚታየው የገዛ ግንባሩ ነው። ስክሪኑን የሠሩት መሐንዲሶች የሞከሩት ቢሮ ውስጥ ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ የፓናሶኒክ ጂኤፍ1፣ የኦሊምፐስ ኢ-ፒ1፣ የሶኒ ኔክስ-5፣ የመጀመሪያው ካኖን ኢኦኤስ ኤም፣ ሁሉም ቆንጆ፣ ሁሉም ኪስ የማይከብዱ፣ ሁሉም አብሯቸው የተሠራ ቪውፋይንደር የሌላቸው ካሜራዎች፣ በዚህ ጸሐፊ ዝርዝር ውስጥ የሉም። በነጻ ቢሰጡትም የሚቀበለው ለሌላ ሰው ሊሰጣቸው ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው ምርጫ ግን ደስ የሚል ነው፤ ምክንያቱም የቪውፋይንደር ታሪክ ከሜጋፒክሰል ታሪክ ጋር አብሮ አልሄደም። ዛሬ ሚረርለስ የሚባለው ዝርያ በኩር የሆነው የፓናሶኒክ ጂ1 እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወጣ 12 ሜጋፒክሰል ብቻ ነበረው፤ ቪዲዮ ጭራሽ አይቀርጽም። ቪውፋይንደሩ ግን 1.44 ሚሊዮን ነጥብ ነበር፤ ለዘመኑ ጉድ ነው። አንድ ጠባይ አለው፦ ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ተራ በተራ በፍጥነት ስለሚያበራ፣ ዓይን ድንገት ከዳር ወደ ዳር ሲሮጥ የተበተነ ቀስተ ደመና ያያል። አንዳንዱን ሰው ራስ ምታት ያስይዘዋል፤ ሌላው ጭራሽ አያስተውለውም።

በ2011 ሶኒ ኔክስ-7ን፣ በ2012 ኔክስ-6ን ሲያወጣ፣ ፉጂፊልምም በዚያው ዓመት ኤክስ-ኢ1ን ሲያመጣ፣ ቪውፋይንደሩ ኦሌድ ሆነ፤ ነጥቡም ወደ 2.36 ሚሊዮን ዘለለ። ከዚያ በ2014 ሶኒ ኤ6000 መጣ። 24 ሜጋፒክሰል፣ በሰከንድ 11 ፎቶ፣ 179 የፎከስ ነጥብ። ዓለም ገዛው። የቪውፋይንደሩ ነጥብ ግን ወደ 1.44 ሚሊዮን ተመልሶ ነበር! ወጣቶቹ ይዘውት የሚመጡት ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ የዚህ ካሜራ ነው። ለሚሮጥ ልጅ፣ ለኳስ፣ ለቪዲዮ ጥሩ ካሜራ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ሌንሱ የድሮ ከሆነና ፎከሱን የሚያዞረው የሰው እጅ ከሆነ ግን፣ በሁለት ዓመት የሚበልጠው 16 ሜጋፒክሰሉ ኔክስ-6 ይሻላል። 179ኙ ነጥቦች ያለ ኤሌክትሪክ ለተሠራ ሌንስ ምንም አይፈይዱለትም።

የሚረርለስ ትልቁ ውለታ ያለውም እዚህ ላይ ነው። በድሮው ካሜራ ውስጥ የነበረው መስታወት ሲወጣ ካሜራው ቀጠነ። በሶኒ ኢ-ማውንት ከሌንሱ መቀመጫ እስከ ሴንሰሩ ያለው ርቀት 18 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ኤም42 የሚባለው ባለ ጥርስ የድሮ መቀመጫ ግን 45.46 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል። ልዩነቱን፣ 27.46 ሚሊ ሜትሩን፣ የሚሞላው አዳፕተር መስታወት የሌለበት ባዶ ቀለበት ነው። ይኸው ሌንስ መስታወት ባለው የኒኮን ዲኤስኤልአር ላይ ቢታሰር መከራ ያያል፦ የኒኮን ርቀት 46.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ሌንሱ ከሚገባው በላይ ይርቃል፤ አዳፕተሩ ተጨማሪ መስታወት ካልገባበት በቀር የሩቁ ተራራ አይጠራም። ለዚህ ነው ዕቃ ቤት ተጥለው የነበሩ የጃፓን፣ የምሥራቅ ጀርመንና የሶቭየት ሌንሶች ባለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ውስጥ ገበያ ያገኙት።

ለኢትዮጵያዊ በጣም የቀረበው ሄሊዮስ 44-2 ነው፤ 58 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ2፣ ከዜኒት ካሜራ ጋር አብሮ ይሸጥ የነበረው። ንድፉ የተቀዳው ከየናው የካርል ዛይስ ቢዮታር ነው። ጠባዩ ይታወቃል፦ አፐርቸሩ ጨርሶ ሲከፈትና ከሰውየው ጀርባ ቅጠል ሲኖር፣ ያ ቅጠል በሰውየው ዙሪያ ክብ ሠርቶ ይሽከረከራል። ሰው ሁሉ ለዚህ ሽክርክሪት ሲል ይገዛዋል፤ ገዝቶም በትንሽ ሴንሰር ላይ አስሮ «የት አለ?» ይላል። ሽክርክሪቱ የሚገኘው የምስሉ ጠርዝ ላይ ነው፤ የኤፒኤስ-ሲ ሴንሰር ደግሞ ጠርዙን ቆርጦ ይጥለዋል፤ 58ቱም እንደ 87 ይሆናል። በማይክሮ ፎር ሰርድስ 116 ነው፤ ጠባብ ሳሎን ውስጥ የሰው ፊት ለማንሳት ጀርባን ግድግዳ ላይ ማስጠጋት ግድ ይላል። ሽክርክሪቱን አጥብቆ የሚፈልግ ሰው መፍትሔው የ2013ቱ ሶኒ ኤ7 ነው፤ ሙሉ ፍሬም፣ ቪውፋይንደሩም 2.36 ሚሊዮን። ይህ ጸሐፊ ግን ሽክርክሪቱን ብዙም አይወደውም። ሄሊዮስን የሚወደው ለሌላ ነገር ነው።

ነጭ ነጠላ ነው ነገሩ። እኩለ ቀን ላይ ነጭ ነጠላ የለበሰች ጠይም ሴት ማንሳት ለየትኛውም ካሜራ ፈተና ነው፤ ነጠላው ይቃጠላል ወይም ፊቷ ይጠቁራል። የሄሊዮስ አሮጌ ሽፋን ብርሃኑን እንደ ዘመናዊ ሌንስ አጥብቆ አይለየውም፤ ትንሽ ይበትነዋል። የተበተነው ብርሃን ጥላው ላይ ይወርድና ፊቱን ያነሳዋል። ገምጋሚዎች «ኮንትራስቱ ደካማ ነው» ብለው የሚተቹት ይህንኑ ነው። በቪውፋይንደሩ ውስጥ ደግሞ፣ ሸተሩ ገና ሳይነካ፣ የነጠላው ጥለት መኖሩና መጥፋቱ ይታያል፤ የብርሃኑን ማስተካከያ አንድ ሁለት ጊዜ ዝቅ ማድረግ ይበቃል።

አንድ የሰርግ ፎቶ አንሺ ወዳጅ በዚህ ሁሉ አይስማማም። እሱ ካኖን 5ዲ ማርክ ቱውን አይለቅም፤ ሄሊዮስም በዚያ ላይ በአዳፕተር ይታሰራል፣ የካኖን ርቀት 44 ሚሊ ሜትር ነውና። «እኔ በመስታወት የማየው እውነተኛውን ዓለም ነው፤ አንተ ትንሽ ቴሌቪዥን ታያለህ» ይላል። ባትሪው በአንድ ሙሌት 850 ፎቶ የሚባልለት መሆኑንም አይረሳም፤ የኤ7 ባትሪ ግማሹን እንኳ አይሞላም። በባትሪው እውነት አለው፤ መብራት ለሚጠፋበት አገር ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ማጽናኛው የሶኒው ኤንፒ-ኤፍደብሊው50 ባትሪ ከ2010ሩ ኔክስ እስከ 2019ኙ ኤ6400 ድረስ ሳይቀየር መቆየቱ ነው፤ ከዱባይም ሆነ ከዋሽንግተን የሚመጣ ዘመድ ሁለት ሦስት በኪሱ ይዞ ይመጣል።

በእውነተኛው ዓለም ጉዳይ ግን ወዳጅየው ተሸንፏል። ሄሊዮስ 44-2 ሁለት ቀለበት አለው፤ አንዱ አፐርቸሩን ይመርጣል፣ ሌላው ይከፍታል ይዘጋል። በመስታወት ካሜራ አፐርቸሩ ሲዘጋ ቪውፋይንደሩም አብሮ ይጨልማል፤ በኤፍ8 ሰውየው ጥላ ይሆናል። በሚረርለስ ሴንሰሩ ራሱ ብርሃኑን ስለሚያጎላው ምንም አይጨልምም። በዚያ ላይ ለአውቶፎከስ የተሠሩ ካሜራዎች የፎከስ መስታወት እጅግ የተከፈተ ሌንስን ስስ ጥራት በትክክል አያሳይም፤ በኤፍ2 ዓይን ጠራ ሲባል የጠራው ቅንድብ ሆኖ ይገኛል። ትንሹ ቴሌቪዥን አንዲት ቁልፍ ስትጫን ሽፋሽፍቱን አጉልቶ ያመጣዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚሳሳት እጅ ብቻ ነው።

አጉልቶ ማየት ሲባል ፎከስ ፒኪንግ ማለት አይደለም። የጠራውን ጠርዝ በቀይ ወይም በቢጫ የሚቀባው ያ ነገር ለብዙ ጀማሪ ተአምር ይመስለዋል። በኤፍ8 ይሠራል፤ በኤፍ8 ግን ማንም አይቸገርም። በኤፍ2 ሽፋሽፍቱንም፣ የነጠላውን ጥለትም፣ ጆሮውንም አንድ ላይ ይቀባና «ሁሉም ጠርቷል» ብሎ ይዋሻል። ካሜራ እጅ እንደገባ ይህን ማጥፋት፣ ለማጉያው አውራ ጣት የሚደርስበት ቁልፍ መስጠት፣ «ያለ ሌንስ ሸተር» የሚለውን ምርጫ መክፈት። ይህ የመጨረሻው ካልተከፈተ ብዙዎቹ ካሜራዎች ሌንስ የለም ብለው አያነሱም፤ ባለቤቱም ተበላሸ ብሎ ወደ ጠጋኝ ይሮጣል።

የሚረርለስ እውነተኛ ጠላት አቧራ ነው። በአብዛኞቹ ሌንሱ ሲፈታ ሴንሰሩ ራቁቱን ይቀራል፤ ከፊቱ መስታወትም የተዘጋ ሸተርም የለም። በግንቦት ነፋስ ሜዳ ላይ ሌንስ የሚቀያይር ሰው ማታ ከሰማዩ ላይ ጥቁር ነጥብ ሲለቅም ያመሻል። አንድ ሌንስ አስሮ መውጣት፣ ካልሆነም ካሜራውን ወደ መሬት ደፍቶ መቀየር ነው።

ይህ ሁሉ የቪውፋይንደር ፍቅር ከየት እንደመጣ የሚጠይቁ አሉ። የጸሐፊው አጎት በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደ ሶቭየት ኅብረት ተልከው ሲመለሱ ይዘውት ከመጡት ዕቃ አንዱ ዜኒት-ኢ ነበር። የሰፈሩ ክርስትና፣ ምርቃትና ሰርግ ሁሉ በዚያ አለፈ። ፊልሙ 36 ነው፤ አጎት አንዷንም በከንቱ አያጠፉም። ሰውን ደርድረው በቪውፋይንደሩ ያያሉ፤ ይወጡና የአንዷን ነጠላ ያስተካክላሉ፤ ተመልሰው ያያሉ፤ ደግሞ ይወጣሉ። ሕፃናቱ ያለቅሳሉ፣ ዶሮ ወጡ ይቀዘቅዛል፣ ሚስታቸው እትዬ ከጓዳ ይጮሃሉ። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ይጫናል። በእነዚያ ፎቶዎች ላይ ዓይኑን የጨፈነ ሰው አይገኝም ለማለት ይቻላል።

በኋላ የዜኒቱ ሸተር ጨርቅ ተቀደደ፤ የአጎትም ዓይን ደከመ። ሌንሱ በካልሲ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀመጠ። ኔክስ-6 ቤት የገባ ጊዜ ሄሊዮሱ ከካልሲው ወጥቶ ታሰረበት፤ ዳዮፕተር የምትባለዋ ትንሽ ማስተካከያ ለአጎት ዓይን ተዞረች፤ ማጉያዋም ተጫነች። አጎት ዓይናቸውን አስጠግተው ዝም ብለው ቆዩ። የሚስታቸውን ሽፋሽፍት ለብዙ ዓመት እንዲህ አጥርተው አላዩትም ነበር። ከዚያ ሳያነሱ ቀና አሉና፣ «ስንት ፊልም ቀርቶታል?» ብለው ጠየቁ። እትዬም፣ «እሱን ካስያዝከው እስከ ማታ እዚሁ መቀመጤ ነው» አሉ። እንዳሉትም ሆነ፤ ነጠላቸው ሁለት ጊዜ ተስተካክሎላቸዋል።

በዚህ ዕድሜ ላይ ላለ ሰው ፊት የሚለይ አውቶፎከስ ይሻለው ነበር የሚል አይጠፋም። ካሜራው ራሱ ፈልጎ፣ አጥርቶ፣ አንስቶ ይጨርስለት ነበር። አጎት ግን የፈለጉት ፎቶውን ብቻ አልነበረም፤ ማየቱንም ነበር። ይህ ጸሐፊም ከሥራው የተረፈው ነገር ምን እንደሆነ ሲጠየቅ ከፎቶዎቹ በፊት የሚያነሳው ሰዎች ፊት ለፊቱ ዝም ብለው የተቀመጡበትን ያን ጊዜ ነው። ፎከስ በእጅ ሲዞር የሚነሳው ሰው መጀመሪያ ለፎቶ ይዘጋጃል፤ ቆይቶ ይሰለቻል፤ መዘጋጀቱን ይረሳል። ጥሩው ፊት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ቤታችሁ ዜኒት ያላችሁ፣ ወይም ከአባት የቀረ ሌንስ መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጣችሁ፣ ክረምት ሳይገባ አውጡት። የስልክ ባትሪ መብራት ከኋላው አብሩና በፊቱ ተመልከቱ፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ከታየ ሻጋታ ነው፤ ሳይስፋፋ የሚያውቅ ሰው ይክፈተው። አሮጌ ታኩማር 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ1.4 ሆኖ መስታወቱ ቢጫ ከሆነ ደግሞ አትጣሉት፤ ቢጫው ቶሪየም ከሚባለው ንጥረ ነገር የመጣ ነው፤ አልትራቫዮሌት ብርሃን ያጠራዋል። ከጨለማው መሳቢያ ወደ ደረቅና ብርሃን ወዳለበት መደርደሪያ አዛውሩት። በካልሲ ግን አትጠቅልሉት፤ ጨርቅ እርጥበት ይይዛል።