ቤቱ ሲገለበጥ

ባለፈው የውይይት ምሽታችን የማኦሪዎችን የእንጨት ቅርጽ ፎቶግራፍ ተቀባበልንና ምን አልን? «ጌጡ በዛ!»፣ «ምላሱን ምን አስወጣው?» ብለን ሳቅን። ስለ ቅርጽና ይዘት ጉሮሯችን እስኪደርቅ የምንከራከር ልጆች ይዘቱን ሳንጠይቅ ቅርጹ ላይ ፈርደን ተነሣን። ይህች ጽሑፍ ያን ምሽት ለማረም የተጻፈች ናት። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በኒውዚላንድ ማኦሪዎች ዘንድ የተቀረጸ የመሰብሰቢያ ቤት ማለት የቅድመ አያት አካል ነው። ከጣራው ፊት ጫፍ ላይ ያለው ፊት የእሱ ፊት ነው፤ ከዚያ ወደ ግራና ቀኝ የሚወርዱት ሳንቃዎች ክንዶቹ፣ ጣራውን ከዳር እስከ ዳር የያዘው አግዳሚ አከርካሪው፣ ወራጆቹም የጎን አጥንቶቹ ናቸው። የገባ ሰው እንግዲህ ደረቱ ውስጥ ተቀመጠ ማለት ነው። በግድግዳው ላይ የቆሙት ምስሎች የትውልድ ሐረጉን ይዘዋል፤ ንግግር የሚያደርግ ሽማግሌ ተነሥቶ ቤቱን እንደ ሰው ሰላም ይለዋል። ምላሱም ቢሆን ባላጋራን መገዳደሪያ ነው፤ ፉከራ ባለበት አገር ያደግን ሰዎች መቸስ ልንስቅበት ባልተገባን ነበር። በምስሎቹ መካከል ያለውን ቱኩቱኩ የሚባለውን የግድግዳ ሥራ ደግሞ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ሆነው፣ ክሩን እየተቀባበሉ ያስሩታል። (ስለ እነሱ የሚያወራ የለም፤ እኛም በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፍናቸው፤ ጥፋታችን ነው።)

ጌጥ ብቻ የሚያይ ዓይን ምን እንደሚሠራ ማታአቱዋ የተባለው ቤት ይመስክር። የንጋቲ አዋ ነገድ መሬት በ1866 በመንግሥት ተወረሰ፤ ነገዱ ይህን ቤት በፋካታኔ በ1875 መረቀ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1879፣ የኒውዚላንድ መንግሥት አስነቅሎ ለሲድኒ ኤግዚቢሽን ላከው። እዚያ የተከሉት ሰዎች የውስጡን ቅርጽ ወደ ውጭ ገልብጠው አቆሙት፤ ተመልካቹ ሳይገባ እንዲያየው። የሰውየውን ሆድ ዕቃ አውጥቶ ለዝናብ ማስጣት እኮ ነው! ከዚያ ሜልቦርን፣ ከዚያ ለንደን፣ ሳውዝ ኬንሲንግተን ሙዚየም ወሰዱት። በ1868 ከመቅደላ የተዘረፈው የወርቅ ዘውድ ያለው በዚሁ ሙዚየም ነው። በ1925 ወደ ኒውዚላንድ ቢመለስም ፋካታኔ አልገባም፤ ከአገሩ ርቆ በዳነዲን ከተማ ኦታጎ ሙዚየም ውስጥ፣ ለቦታው እንዲመች እንጨቱ ተቆርጦ ቆመ።

«ሙዚየም ባይኖር ምስጥ በጨረሰው» የሚል ጓደኛ አለን። ለእንጨቱ ይሁን እንበል። ግን ማን ሰላም ሊለው? የሙዚየም ጎብኚ ቁጥሩን አንብቦ ያልፋል እንጂ «አባቴ፣ እንደምን ዋልክ» አይልም። የእኛም ሂስ ያን ምሽት ከዚህ አልተሻለም፤ በፎቶግራፍ ላይ ቆመን ውጭ ውጭውን አየን።

ንጋቲ አዋዎች ባለቤትነቱ በ1996 ተመለሰላቸው። ብዙ ሲጠገን፣ የጎደለውም ሲቀረጽ ከርሞ ቤቱ በ2011 በፋካታኔ ዳግመኛ ተከፈተ። ቅርጾቹ አሁን ወደ ውስጥ ዞረዋል፤ ማየት የፈለገ፣ እንደ ልማዱ፣ ጫማውን አውልቆ ይገባል።