የቃል መነሻና የቃል መድረሻ፤ የሶማልኛ ግጥም በአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ

በሐርጌሳ ሶማልኛ የሚማር የአማርኛ ተናጋሪ ጆሮው የሚያዘነብለው ወደ ቃሉ መድረሻ ነው፤ የአማርኛ ግጥም ቤት የሚመታው እዚያ ነውና። የሶማልኛ ግጥም ግን የሚታሰረው በቃሉ መነሻ ነው። ሙሐመድ ሐሺ ዳማዕ (ጋሪዬ) በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የከፈተው «ዴሌይ» የተሰኘ የቅብብል ግጥም ከዳር እስከ ዳር በ«ድ» የተያዘ ነው።

ይህን ሥርዐት ጌጥ ብቻ ማለት ስሕተት ነው። በሶማልኛ «ዓኖ» ወተት ነው፤ «ኣኖ» ግን የደም በቀል። አማርኛ «ዐ»ን ከግእዝ ሲወርስ ፊደሉን አቆየ እንጂ ድምፁን አላቆየም፤ ተማሪውም ሁለቱን ቃላት አንድ አድርጎ ይሰማቸዋል። ግጥሙ ይለያቸዋል፦ አናባቢዎች ሁሉ እርስ በርሳቸው ሲገጥሙ «ዐ» ከእነርሱ ጋር አይቆጠርም። ግጥምን በምዕራፍ ማብቂያ እንደ መዝናኛ የሚያኖር መማሪያ ይህን መለያ ያባክናል።

ሆኖም የመነሻ ድምፅ ሁሉን አያስተምርም። የተነባቢ መጥበቅን የአማርኛ ተናጋሪ ከቤቱ ይዞት ይመጣል፤ የሚቸገረው በአናባቢ ርዝመት ነው። እርሱን የሚገልጠው ምጣኔው ነው፤ ረጅም አናባቢ እንደ ሁለት አጭር ይቆጠራልና። ይህንንም የምጣኔ ሥርዐት በ1976 (እ.ኤ.አ.) በጋዜጣ የተነተነው ያው ጋሪዬ ነው።