«ነኝ» ለማን ይባላል?

በአማርኛ ከሚባሉት ድርሰቶች ሁሉ አጭሩ የትኛው ነው ቢሉን፣ «ክርስቲያን ነኝ» የሚለው ነው ብለን እንመልሳለን። ሁለት ቃል ነው፤ አለቀ። ልብ ወለዱን ስናበጥር፣ ግጥሙን ስንመዝን፣ ተውኔቱን ስናወጣና ስናወርድ፣ ይህችን ሁለት ቃል ግን ደፍሮ የሚሔስ አልተገኘም። አማኙ «በሃይማኖት ሒስ የለም» ብሎ ይፈራታል፤ ተጠራጣሪው «ይኼ ደግሞ ምን ሒስ ያስፈልገዋል?» ብሎ ይንቃታል። የፈራም የናቀም አያነብም። እኛ ግን እንደ ማንኛውም ድርሰት ልናነባት ተነሥተናል። የምንጠይቀው እግዚአብሔር አለ ወይስ የለም ብለን አይደለም፤ እሱን ለባለቤቶቹ ትተናል። የምንጠይቀው ሰው «ነኝ» ሲል ቃሉ ምን ይሠራል፣ ማንን ያቀርባል፣ ማንንስ ያርቃል ብለን ነው። ባሌ ውስጥ ተቀምጦ ይህን መጠየቅ ቅንጦት እንዳልሆነ ወደ ታች ይታያል።

ከቅርቡ እንጀምር። በየመኝታ ክፍላችን ከአልጋ ራስጌ የሚለጠፍ አንድ ዓይነት ወረቀት አለ። መስመሮቹ ሁሉ የሚያልቁት በ«ነኝ» ነው፤ የተወደድኩ ነኝ፣ የተመረጥኩ ነኝ፣ የተዋጀሁ ነኝ እያለ ይወርዳል። ባለቤቱ ጠዋት ጠዋት ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነበዋል። ይህን መሰል ዝርዝር በዓለም ካስተዋወቁት አንዱ ኒል አንደርሰን የተባለው አሜሪካዊ ሲሆን፣ መጽሐፉ የወጣው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው። አማኙ ወረቀቱን እንደ መድኃኒት ይወስደዋል። ከልጅነቱ «አትረባም» ሲባል ላደገ፣ ከቤተ ሰቡ የመጀመሪያ ሆኖ ዩኒቨርሲቲ ለገባ፣ በመጀመሪያው መንፈቅ ፈተና ወድቆ አንገቱን ለደፋ ልጅ «የተመረጥክ ነህ» የሚል ወረቀት ቀላል ነገር አይደለም። ተጠራጣሪው የክፍል ጓደኛው ደግሞ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ይስቃል፤ «ጠዋት በጠዋት ፉከራ!» ይላል።

ፉከራ ነው ወይ? አይደለም። ፉከራ የራሱ ሕግ ያለው የአገራችን የሥነ ቃል ዘርፍ ነው። ፎካሪ የሚቆጥረው የሠራውን ነው፤ የገደለውን፣ የማረከውን፣ የዋለበትን ዱር ይጠራል። ግሡ ሁሉ የእሱ ነው። የወረቀቱን ግሦች ግን እንመልከት፤ ተወደድኩ፣ ተመረጥኩ፣ ተዋጀሁ። ከፊት የቆመችው «ተ» ነገሩን ሁሉ ትናገራለች። አድራጊው ሌላ ነው፤ ተናጋሪው ተደራጊ ነው። እንግዲህ ተጠራጣሪው ጓደኛችን ሳቁን ሳይሆን ሰዋስዉን ቢያስቀድም ኖሮ፣ ጽሑፉ ጉራ ሳይሆን የተቀባይ ሰው ቃል መሆኑን ባየ ነበር።

ይሁን እንጂ ወረቀቱ ሌላ ጉድለት አለበት፤ ይህን ያላየው ደግሞ አማኙ ነው። የዝርዝሩ ብዙ መስመር የተለቀመው ከጳውሎስ መልእክታት፣ በተለይም ከኤፌሶን ነው። መልእክቱን ከፍቶ ያነበበ ሰው እንደሚያገኘው፣ እዚያ ያለው ንግግር የብዙ ቁጥር ነው። ደራሲው «እኛ» ይላል፣ «እናንተ» ይላል። የሚናገረው ለአንድ ብቸኛ ሰው ሳይሆን፣ እርስ በርሳቸው ሲናናቁ ለኖሩ ሁለት ወገኖች፣ ለአይሁድና ለአሕዛብ ነው። በሁለተኛው ምዕራፍ ሁለተኛ አጋማሽ ነገሩ በሁለቱ መካከል ስለ ነበረው ግድግዳና ስለ መፍረሱ ነው። ወረቀቱን ያዘጋጀው ሰው ታዲያ ምን አደረገ? «እኛ»ን ወደ «እኔ» ለወጠ፤ ግድግዳውን የሚያፈርሰውን ክፍል ዘሎ፣ የሚያጽናናውን ብቻ ቀዳ። ውጤቱ ግድግዳው እንደ ቆመ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ወረቀት ሆነ።

ከዚህ ወረቀት በፊት ግን እኛ አገር የቆየ የማንነት ድርሰት ነበረን፤ እሱም የክርስትና ስም ነው። ገብረ ክርስቶስ፣ ወልደ ማርያም፣ ወለተ ጊዮርጊስ፣ አመተ ሥላሴ። የግዕዝ ሰዋስው እዚህ ላይ የሚሠራው ሥራ ያስደንቃል። «ገብር» አገልጋይ ነው፤ «ገብረ» ሲሆን ግን ብቻውን መቆም አይችልም፤ «የማን?» ያሰኛል፣ ባለቤት ይፈልጋል። ስሙ በሙሉ አንድ ዝምድና ነው። ባለ ስሙ ከፍ አለ አይልም፤ የማን እንደ ሆነ ብቻ ይናገራል። በዚያ ላይ ይህ ስም በብዙ ቤት ለአደባባይ አይወጣም። ለቁርባንና ለፍትሐት ይቀመጣል፤ ሰሚዎቹ ካህኑና ፈጣሪው ናቸው። ለጎረቤት ጆሮ የተሠራ ቃል አይደለም። ገበያ ሲወጣ ደግሞ ሕዝቡ ያቆላምጠዋል፤ ገብሬ፣ ወልዴ ይለዋል። የላይኛው ባለቤት ይወድቅና የእኛ፣ የሰፈሩ ልጅ ይሆናል።

አሁን እዚሁ ሮቤ ገበያ እንሂድ። ስንዴ ሻጩ አብደላ ይባላል እንበል። «ዐብድ» በዐረብኛ አገልጋይ ነው፤ አብደላ የአላህ አገልጋይ ማለት ነው። ዐብድም ብቻውን አይቆምም፤ እሱም «የማን?» ያሰኛል። ስለዚህ ገብረ እግዚአብሔርና አብደላ በስንዴ ዋጋ ተከራክረው ሲጨባበጡ፣ የተጨባበጠው አንድ ስም ከራሱ ጋር ነው። ሁለት ሴማዊ ቋንቋዎች አንዱን ሐሳብ በአንድ ዓይነት ስፌት ሰፍተውታል። ታዲያ በስም አንድ የሆኑት ሰዎች ምን ለያያቸው?

የለያያቸው ቃሉ ሳይሆን ቃሉን የያዘው እጅ ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.)፣ ዜና መዋዕላቸው እንደሚተርከው፣ ክርስቲያን ሁሉ ግንባሩ ላይ የሥላሴን ስም፣ በቀኝና በግራ እጁ ላይ ደግሞ ሰይጣንን መካዱንና የማርያም አገልጋይ መሆኑን እንዲጽፍ አዘዙ። እምቢ ያለ ቅጣት ይጠብቀው ነበር። የጣዖት አምልኮ ክስ የንጉሡን የገዛ ልጆች ሳይቀር በልቷል። እስቲ እንደ ሐያሲ እንመልከተው። ይዘቱ ያው የአገልጋይነት ቃል ነው፤ ከገብረ ክርስቶስ ስም በምንም አይለይም። ቅርጹ ግን ተለወጠ። የጆሮ ቃል የግንባር ጽሕፈት ሆነ፤ የጸሎት ቃል ይለፍ ሆነ። አንባቢውም ፈጣሪ መሆኑ ቀርቶ የንጉሥ ሎሌ ሆነ። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ነኝ» ያለው ሁሉ አምኖ ይሁን ፈርቶ የሚለይበት መንገድ ጠፋ። የታዘዘ ምስክርነት የመጀመሪያ ተጎጂው አማኙ ራሱ ነው።

ወደ ባሌ እንመለስ። ባሌ በመካከለኛው ዘመን ከነበሩት የእስልምና ግዛቶች አንዷ ነበረች፤ ከዐፄ ዐምደ ጽዮን ዘመን (1314–1344 እ.ኤ.አ.) ጀምሮም ለክርስቲያኑ መንግሥት ትገብር ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የዐፄ ምኒልክ ጦር አርሲንና ባሌን ሲይዝ ጎባ የጦር ሰፈር ሆነች፤ በኋላም የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ። ቤተ ክርስቲያኑ፣ ግብር ሰብሳቢውና ዳኛው በአንድ ዘመን፣ በአንድ መንገድ መጡ። የአገሬው ገበሬ «ክርስቲያን ነኝ» የሚለውን ቃል የሰማው ከሰባኪ ሳይሆን ከመሬት ለኪ አፍ ነው ማለት ይቻላል። ቴርዬ ኦስተቦ የተባለው ኖርዌጃዊ አጥኚ በ2020 እ.ኤ.አ. ስለ ባሌ አመፅ ባሳተመው መጽሐፍ እንደሚያሳየው፣ በባሌ «እስላማ» እና «አማራ» የሚሉት መጠሪያዎች ሃይማኖትንና ዘርን በአንድ ላይ የቋጠሩ ነበሩ። ኦሮሞ ሆኖ ክርስቲያን የሆነ ሰፋሪ እንኳ «አማራ» ይባል ነበር። ከ1963 እስከ 1970 እ.ኤ.አ. የቆየው፣ ዋቆ ጉቱ ከመሪዎቹ አንዱ የነበሩበት አመፅ የግብርና የመሬት ጥያቄ ነበረው፤ የሃይማኖትና የማንነት ቁጭትም ነበረው። ሁለቱን መነጠል የሚሻ ሰው ባሌን አልሰማም።

እንግዲህ የዚያ ገበሬ ጥርጣሬ የመጽሐፍ ጥርጣሬ አይደለም። እኛ ተማሪዎች ተጠራጣሪ ስንል ብዙ ጊዜ የምናስበው ፍልስፍና ያነበበውን ልጅ ነው። ከሁሉ የበረታው ተጠራጣሪ ግን ቃሉን ከጥቅሙ ጋር አብሮ የተቀበለው ጎረቤት ነው። እሱ የሚጠይቀው «አምላክህ አለ ወይ?» ብሎ ሳይሆን «ይህን ስትል መሬቴ የት ይገባል?» ብሎ ነው። ለዚህ ጥያቄ የጸሎት መጽሐፍ ብቻውን መልስ አይሆንም። ያም ሆኖ ክርስቲያን የተባለው ሁሉ ባለ ርስት አልነበረም፤ ቀን ቆጥሮ የሚያርስ ድኻ ወታደርና ጭሰኛም ከውስጡ ነበር። ግን ቃሉ አንድ ስለ ነበረ ዕዳውም በአንድ ተጻፈ።

የ1950ዎቹና የ60ዎቹ ተማሪዎች ይህን ዕዳ አይተው ነበር። «መሬት ለአራሹ» ብለው በ1957 ዓ.ም. አደባባይ የወጡት፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ጥያቄያቸው በወረቀት ተመለሰ። ነገር ግን ከእነሱ መካከል ማተቡን የበጠሰው ብዙው፣ የበጠሰውን በሌላ ክር ተካው፤ «አብዮታዊ ነኝ» አለ። ወዲያው ይህም በግራ እጅ ጭብጥ፣ በየቀበሌው ስብሰባ፣ በግዴታ የሚባል ሆነ። የዘርዓ ያዕቆብ ጽሕፈት ከግንባር ወደ ጡጫ ወረደ እንጂ አልጠፋም። በዚያ ዘመን የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ተወስደው ተገደሉ። ቤተ ክርስቲያናቸው በ1972 እ.ኤ.አ. ለውጭ አጋሮቿ በጻፈችው ደብዳቤ የሰው ሥጋና ነፍስ ተነጣጥሎ አይረዳም፣ ወንጌልና ልማት አይነጣጠሉም ብላ ነበር። ይህ ከራስጌ ወረቀቱ በጣም የራቀ የማንነት ቃል ነው፤ «ምን ተሰጠኝ» ሳይሆን «ምን ይጠበቅብኛል» የሚል።

ማተብ ካልን ዘንድ ቋንቋችን ራሱ ሒስ እንደ ሠራ እናስተውል። በንግግራችን «ማተብ ያለው ሰው» ማለት ጸሎት የሚያበዛ ማለት አይደለም፤ ቃሉን የሚጠብቅ፣ የሰው ገንዘብ የማይበላ ማለት ነው። ሕዝቡ ክሩን በክሩ አልለካውም፤ በመታመን ለካው። ደግ ነው። ዳሩ ግን ያው አባባል ሲገለበጥ «ማተብ የሌለው» ስድብ ይሆናል፤ እዚህ ላይ ባሌ ትፈትነዋለች። አብደላ ማተብ የለውም፤ ስንዴውን ግን በትክክል ሰፍሮ ይሰጣል። ያበደርነውን ሳንጠይቀው ይመልሳል። ታዲያ ማተብ ያለው ማን ነው? ስድቡ ሮቤ ገበያ ውስጥ ሲገባ ይፈርሳል።

ይህን ሁሉ የምንለው ነገሩ የሰዋስው ጨዋታ ስላልሆነ ነው። ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ሊቢያ ውስጥ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ሲታረዱና ሲረሸኑ የሚያሳየው ፊልም ሲወጣ፣ የሟቾቹን ማንነት የተናገረው ገዳያቸው ነበር፤ የመስቀል ተከታዮች ብሎ ሰየማቸው። ቅዱስ ሲኖዶስ ሰማዕታት አላቸው፤ የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትም ግድያውን አወገዘ። በዚያ ሰሞን ማንም ስለ ማተብ አልሳቀም። ከሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ በአርሲና በባሌ አንዳንድ ከተሞች ሰዎች በዘራቸውና በሃይማኖታቸው እየተለዩ ተጠቁ። «ማን ነህ?» የሚለው ጥያቄ በበር ላይ ሲጠየቅ፣ «ነኝ» ድርሰት መሆኑ ቀርቶ የሞትና የሕይወት ቃል ይሆናል። እንዲህ ያለ ቀን እንዳይመጣ የሚሠራው ሥራ ደግሞ በሰላሙ ቀን ቃሉን እንዴት እንደምንለው ነው።

አንድ ምሳሌ ጨምረን እናብቃ። በባርነት ተሽጦ ምጽዋ ላይ ነፃ የወጣው የኢሉባቦሩ ኦሮሞ ሂካ በ1872 እ.ኤ.አ. ሲጠመቅ ኦነሲሞስ ተባለ። ይህ በጳውሎስ መልእክት ውስጥ ያለ ባሪያ ስም ነው። ሂካ በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። ኦነሲሞስ ነሲብም ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ በ1899 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ በኦሮምኛ አሳተመ፤ ፈጣሪንም ሕዝቡ በሚጠራው ስም ጠራው። አዲሱ ስም አሮጌውን አላጠፋውም፤ ሥራ ሰጠው። የገዛ ባርነቱን ሳይደብቅ በስሙ የተሸከመ ሰው፣ «ነኝ» ሲል ማንንም ባሪያ አላደረገም።

ከሮቤ ተነሥቶ ጎባን አልፎ የሳነቴን ብርድ የተሻገረ፣ በሐረና ጫካ ወርዶ ከማዶ ብድሬ ይደርሳል። ዩኒቨርሲቲያችን ስሙን የወሰደው በዚያ ካለው ከመደ ወላቡ ነው። የኦሮሞ ትውፊት ፍጥረት ከወላቡ ወጣ ይላል። ይህም የማንነት ቃል ነው፤ በብዙ ቁጥር የተነገረ፣ ማንንም በር ላይ ያላስቀረ። ክርስቲያኑ ወገናችን የራስጌ ወረቀቱን ይቅደድ አንልም። የተሰረዘውን «እኛ» ይመልስበት፣ የተዘለለውን ግድግዳ ይጻፍበት እንላለን። ተጠራጣሪው ወገናችንም ሳቁን ያቆይና ያንብብ፤ የሚስቅበት ቃል አብደላንም ገብሬንም በአንድ ሰዋስው የያዘ ነው። «ነኝ» ያለ ሰው ቃሉ እውነት መሆኑን ራሱ አይፈርድም፤ የሚፈርደው ከእሱ ጋር ስንዴ የሚሰፍረው ጎረቤቱ ነው።