እጁን ሸክላ ላይ የፈታ ሠዓሊ

የዋልተር አንደርሰንን የውሃ ቀለም ሥዕሎች የሚያይ ሰው ከቀለሙ በፊት ወረቀቱን ቢያይ ይጠቀማል። አብዛኞቹ የተሠሩት የጽሕፈት መኪና ወረቀት ላይ ነው፤ ቢሮ ውስጥ ደብዳቤ የሚመታበት፣ 22 በ28 ሳንቲ ሜትር ግድም የሆነው ስስ ወረቀት። ለውሃ ቀለም ተብሎ የሚዘጋጀው ወረቀት ወፍራም ነው፤ ውሃውን ይዞ ለሠዓሊው የማሰቢያ ፋታ ይሰጠዋል። ይኼኛው ፋታ አያውቅም። ብሩሹ እንደነካው ይጨማደዳል፣ ደጋግመው ካሹት ይላጣል፣ የሳተው መስመር እንደሳተ ይደርቃል። አንደርሰን በዚህ ወረቀት ላይ ሸርጣን ሲሥል መስመሩ ከአንዱ መቆንጠጫ ጫፍ ተነሥቶ፣ በጀርባው ጠርዝ ዞሮ፣ ሌላው መቆንጠጫ ላይ ሲደርስ ያመነታበት ቦታ አይታይም። ሸርጣኑ ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል፤ ግን አልተጨናነቀም። እንዲህ ያለ እጅ ከየት ይገኛል? እኔ ያመንኩት መልስ ከሸክላ ነው የሚል ነው።

ቦታው ሚሲሲፒ ነው፣ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ። ኦሽን ስፕሪንግስ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ ከእሷ ወደ 19 ኪሎ ሜትር ግድም ባሕሩን ተሻግሮ ሆርን የሚባል ቀጭንና ረጅም የአሸዋ ደሴት ይገኛል። ሰው አይኖርበትም። ጥድ፣ የአሸዋ ክምር፣ ረግረግ፣ አዞ፣ ኤሊና የማያልቅ ወፍ ነው ያለው። አንደርሰን በ1903 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው) ኒው ኦርሊንስ ተወለደ፤ ፊላደልፊያ በሚገኘው የፔንሲልቫንያ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ተማረ፤ ባገኘው ሽልማት አውሮፓን አይቶ፣ የፈረንሳይን የዋሻ ሥዕሎች ተመልክቶ ተመለሰ። ታላቅ ወንድሙ ፒተር በ1928 ኦሽን ስፕሪንግስ ውስጥ በአንድ የባሕር ወፍ ስም የተሰየመ «ሺርዋተር» የተባለ የሸክላ ሥራ ከፍቶ ነበር። ፒተር ጭቃውን ያዞራል፣ እቶኑን ያነዳል፤ ዋልተርና ታናሽ ወንድማቸው ደግሞ ዕቃውን ያስጌጣሉ።

አሁን ማሰሮ ላይ መሣል ምን እንደሚጠይቅ እናስብ። ያልተቀባ ሸክላ የተጠማ ነገር ነው፤ ብሩሹ ገና ሲያርፍ ውሃውን ይጠጣዋል። መጎተት የለም፣ ማረም የለም። ሌላም አለ፤ ማሰሮ ማዕዘን የለውም። ወረቀት ላይ የሚሥል ሰው ከጫፍ ሲደርስ ያቆማል፤ ማሰሮ ላይ የሚሥለው ግን የጀመረበት ቦታ ተመልሶ ይጠብቀዋል። ዓሣዎች እየተከታተሉ እንዲዋኙ ከፈለገ የመጨረሻው ዓሣ ከመጀመሪያው ጅራት ጋር ሳይጣበብ፣ ክፍተትም ሳይተው መገናኘት አለበት። ስለዚህ የመጀመሪያውን ዓሣ ሲጀምር የመጨረሻውን ማወቅ ይኖርበታል። በተጨማሪ በዓሣና በዓሣ መካከል የሚቀረው ባዶ ቦታ ራሱ ቅርጽ ነው። ለሸክላ ሠዓሊ «ጀርባ» የሚባል፣ በኋላ የሚሞላ ነገር የለም፤ ዓሣውም ውሃውም በአንድ ጊዜ ይወለዳሉ። አንደርሰን ይህን ለዓመታት ሠርቷል፤ ሳህን ላይ፣ ማሰሮ ላይ፣ ለሽያጭ በሚወጡ ትንንሽ የሸክላ ምስሎች ላይ። ሥራው እንጀራ ነበር፤ አንዳንዴም የታከተው እንጀራ። ሆኖም እጁን የፈታው እሱ ነው።

ሁለተኛው መምህሩ አንድ መጽሐፍ ነበር። አዶልፎ ቤስት ሞጋርድ የተባለ የሜክሲኮ ሠዓሊ በ1926 በእንግሊዝኛ ባሳተመው የአሣሣል ዘዴ፣ የጥንት ሕዝቦች ጌጥ ሁሉ ከሰባት መነሻ መስመሮች ይወጣል ይላል፤ ጥምዝ፣ ክብ፣ ግማሽ ክብ፣ ሁለት ግማሽ ክቦች የተገጣጠሙበት እባብ መሰል መስመር፣ ሞገድ፣ ዚግዛግና ቀጥታ መስመር። ብራና ላይ ሐረግ ሲጣል ያየ ሰው ሐሳቡ አይከብደውም፤ አንድ መስመር ታጥፎ ተጠማዞ ገጹን ያለብሰዋል። አንደርሰን ይህን ሰባት መስመር እንደ ፊደል ያዘው። ፔሊካን ሲያርፍ ክንፉ ግማሽ ክብ ነው፣ ከበታቹ ያለው ውሃ ሞገድ ነው፣ የጥዱ ቅጠል ዚግዛግ ነው። ግን ሥዕሎቹን የጌጥ ልምምድ ከመሆን ያዳናቸው ዓይኑ ነው። ሰባቱን መስመሮች ወፉን አላለበሰውም፤ ወፉ ውስጥ እስኪያገኛቸው ድረስ ጠበቀ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ የሙሉ ሥራው ክብደት ያለው ግን እዚያ ላይ ነው።

ሕይወቱ ቀላል አልነበረም። በ1933 አግነስ ግሪንስቴድን አገባ፤ ቤተሰቡ ሲሲ ይሏታል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አእምሮው ታመመ፤ ሆስፒታል እየገባ እየወጣ ቆየ። አንድ ጊዜ በአንሶላ ተንጠላጥሎ በመስኮት አምልጦ ሲወርድ የሕንጻው ጡብ ላይ በሳሙና የሚበርሩ ወፎች ሥሎ ሄደ ይባላል። ከሕመሙ ሲያገግም የሲሲ ቤተሰብ መሬት ላይ እየኖረ፣ ሊኖሊየም የተባለውን የወለል ንጣፍ እየቀረጸ ከቁመተ ሰው በላይ የሚረዝሙ ሥዕሎችን የግድግዳ ወረቀት ላይ አተመ፤ ድሃም ግድግዳው ላይ ሊሰቅለው የሚችል ነገር ይሁን ብሎ አንዷን ጫማ ርዝመት በአንድ ዶላር ይሸጣቸው ነበር። እነዚህም ውብ ናቸው፤ እኔን የሚስበኝ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው።

ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሸክላ ሥራው ግቢ ውስጥ ባለች ጎጆ ለብቻው ኖረ፤ ባሻው ጊዜም በትንሽ ጀልባ እየቀዘፈ ወደ ሆርን ይሻገራል። ምግቡንና ወረቀቱን ክዳን ያለው የቆርቆሮ በርሜል ውስጥ ይከታል። ደሴቱ ላይ ጀልባዋን ገልብጦ ከሥሯ ይተኛል። ሳምንታት ይቆያል። ሲነጋ ረግረጉ ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቶ ይሥላል፤ ማታ የቀኑን ውሎ ይጽፋል። እነዚያ ማስታወሻዎች ከሞተ በኋላ በ1973 ታትመዋል።

ከደሴቱ የመጡትን ወረቀቶች ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ከሥር ብዙ ጊዜ የእርሳስ መስመር አለ፤ ፈጣን፣ ያልተደበቀ። ከላይ ቀለሙ ይመጣል፤ ግን እንደ ጎርፍ አይደለም። ሐምራዊ ጠብታ፣ ከጎኑ ብርቱካናማ፣ ከጎኑ ሰማያዊ፤ በእያንዳንዳቸው መካከል እንደ ክር የቀጠነ ነጭ ወረቀት ቀርቷል። ምክንያቱ አንድም የሙያ ነው፤ ስስ ወረቀት ላይ ሁለት እርጥብ ቀለሞች ከተነካኩ ተያይዘው ይጨቀያሉ። እሱ ግን ይህን ግዴታ ወደ ብርሃን ለወጠው። ያ ነጭ ክር የባሕረ ሰላጤው ፀሐይ ነው፤ አሸዋ ላይ ወርዶ ከታች ወደ ላይ የሚመለሰው፣ ጥላውን ሳይቀር የሚያበራው ፀሐይ። ነጩ የተቀባ አይደለም፣ የተተወ ነው። የቱን መተው እንዳለበት ብሩሹን ከማንሳቱ በፊት ያውቅ ነበር፤ ልክ ማሰሮው ላይ በዓሣና በዓሣ መካከል ያለውን ቦታ ያውቅ እንደነበረው።

ሌላው የሚገርመኝ በእንስሳው ዙሪያ የሚደረድራቸው የቀለም ቀለበቶች ናቸው። እንቁራሪቱ ያበቃበት ቦታ ሣሩ አይጀምርም፤ የእንቁራሪቱ ቅርጽ በአረንጓዴ፣ ከዚያ በቢጫ፣ ከዚያ በሐምራዊ እየተደገመ ወደ ሣሩ ይሰፋል፤ ሣሩም በተራው ያንኑ ጥምዝ ተቀብሎ ይመልሳል። ጠጠር የተጣለበት ኩሬ ማለት ነው። አንዳንድ ተቺ ይህን የሕመሙ ምልክት አድርጎ ሊያነበው ይችላል፤ እኔ አልስማማም። የታመመ እጅ መስመር ይስታል፤ የእሱ አይስትም። ይህ ተጠማዞ ተደጋግሞ ዕቃን የሚዞር የሸክላ ጌጥ ሕግ ነው፤ ደሴት ላይ ወጥቶ ሕያው ነገር ሲያገኝ እንዲህ ሆነ።

ፔሊካኖቹን ለብቻቸው ማንሳት አለብኝ። ከሆርን ርቀው ወደ ደቡብ ምዕራብ የሻንደሊየር ደሴቶች አሉ፤ ቡናማ ፔሊካኖች በብዛት ይፈለፈሉባቸው ነበር። አንደርሰን እዚያ ድረስ ሄዶ ጎጆ በጎጆ ሥሏቸዋል። ጫጩቶቹን አላሳመረም። ላባ የላቸውም፣ ሆዳቸው ተነፍቷል፣ አንገታቸው ራሳቸውን መሸከም አቅቶት ይወዛወዛል፤ አፋቸውን እናታቸው ጉሮሮ ውስጥ ከተው ይበላሉ። ሌላ ሠዓሊ የባሕር ወፍ ሲባል ክንፉን ዘርግቶ ፀሐይ ስትጠልቅ ይሥላል፤ ያ ሥዕል ሳሎን ያሞቃል። የአንደርሰን ጫጩት ግን ያስደነግጣል፣ ቀጥሎ ያሳዝናል፣ ቀጥሎ የአንገቱ መስመር እንዴት እንዳማረ ይታያል። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ከእርሻ በወንዝ ወደ ባሕር የወረደው ፀረ ተባይ መርዝ ዓሣውን፣ በዓሣው በኩል ደግሞ ወፎቹን ፈጃቸው፤ ዲዲቲ የእንቁላሉን ቅርፊት እያሳሳው እናቲቱ ስትታቀፈው ይሰበር ነበር። ፔሊካን የግዛቷ ምልክት በሆነባት በሉዊዚያና ዳርቻ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሚፈለፈል ቡናማ ፔሊካን ጠፋ። አሜሪካ ዲዲቲን በ1972 ከለከለች፤ ከፍሎሪዳ ጫጩቶች ተወስደው ዳርቻው ላይ ተለቀቁ፤ ቡናማው ፔሊካን ሊጠፉ ከተቃረቡት ዝርዝር የወጣው ግን በ2009 ነው። እነዚያ በስስ ወረቀት የተሣሉ ጎጆዎች ስንት ነገር እንደያዙ ሥዕሎቹ ሲሠሩ የገመተ አልነበረም።

ከተማውንም አልረሳም። በ1951 የኦሽን ስፕሪንግስን የሕዝብ አዳራሽ ግድግዳዎች ሊሥል ተዋዋለ፤ ክፍያው አንድ ዶላር ነበር። በአንድ በኩል በ1699 ፈረንሳዊው ዲበርቪል እዚህ ዳርቻ ሲደርስና የአገሩ ተወላጆች ሲቀበሉት ይታያል፤ በሌላ በኩል ሰባቱን የቦታውን የአየር ጠባዮች ከእንስሳቱና ከዕፅዋቱ ጋር ዘርግቷል። የታሪክ ሥዕል ብዙ ጊዜ ሰውን ከፊት፣ ባሕሩን ከኋላ ያደርጋል። እዚህ ግን ከመርከብ የወረደውም፣ የቆየውም፣ ወፉም በአንድ ሞገድ ላይ ተሰልፈዋል። የከተማው ሰው አልወደደውም፤ ይቀባበት ያለም ነበር። ዛሬ ከአዳራሹ ጋር ተያይዞ በ1991 የተከፈተው በስሙ የሚጠራ ሙዚየም አለ።

በመስከረም 1965 ቤትሲ የተባለችው አውሎ ነፋስ ስትመጣ ሰው ሁሉ ወደ የብስ ሲሸሽ እሱ ሆርን ላይ ቀረ፤ ውሃው በጨመረ ቁጥር ወደ አሸዋው ክምር አናት እየወጣ አሳለፋት። በዚያው ዓመት ኅዳር መጨረሻ በሳንባ ካንሰር ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ሞተ። አርባ ዓመት ቆይቶ በ2005 ካትሪና የተባለች ሌላ አውሎ ነፋስ ስትመታ ባሕሩ የሸክላ ሥራውን ግቢ ጠራርጎ፣ ቤተሰቡ ሥዕሎቹን ያኖረበትን ክፍል በጭቃ ውሃ ሞላው። የተረፈው በባለሙያ እጅ አንድ በአንድ ደርቆ፣ ታጥቦ ነው።

አንደርሰን ከሞተ በኋላ ሲሲ ጎጆው ውስጥ በቁልፍ ዘግቶት የኖረውን፣ እሷ እንኳ ያልገባችበትን ትንሽ ክፍል ከፈተች። ግድግዳው ሁሉ ተሥሏል። ምሥራቅ ላይ ጎሕ ይቀድዳል፤ ከዚያ ቀኑ በግድግዳዎቹ እየዞረ፣ ወፉ፣ ዛፉ፣ አውሬው በየሰዓቱ እየተነሣ ወደ ሌሊት ይሄዳል። ከራስ በላይ ጣሪያው ላይ አንድ ግዙፍ የዚኒያ አበባ ተዘርግቷል። ክፍሉን ያጠኑት ሰዎች ከመዝሙር 104 ጋር ያያይዙታል፤ እኛ ዳዊት የምንደግም ሰዎች 103 የምንለው፣ ፀሐይ ስትወጣ አውሬው ወደ ዋሻው ገብቶ ሰው ወደ ሥራው የሚወጣበት መዝሙር ነው። ክፍሉ ዛሬ እንዳለ ሙዚየሙ ውስጥ ቆሟል።

ቆሞ የሚያይ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ጎሑ ከሌሊቱ ጋር ያለ ስፌት ተገናኝቷል፤ የመጨረሻው ጨለማ የመጀመሪያው ብርሃን ጅራት ላይ ሳይጣበብ፣ ሳይጎድልም ደርሷል። በወጣትነቱ አንደርሰን ማሰሮውን በእጁ እያዞረ ከውጭ ነበር የሚሥለው። እዚህ ውስጡ ገብቶ ሣለ፤ አሁን የሚዞረው ተመልካቹ ነው።